ያላወጣሁት እጅ

…የት ናት ይላል፣ አሁንም የት ናት፣ አራተኛ ጊዜው ነው፣ በሩን በጀርባው ዘግቶ ቆሟል፣ ከጫማው ጭቃ እየወረደ፣ መጥረቢያውን በግራ እጁ አንጠልጥሎ፣ ለከሰል ግራር የሚጥልበትን፣ እኔ ሙቀጫው ላይ እንዳጎነበስኩ ነኝ፣ ዘነዘናው በእጄ፣ ጌሾው ገና አልደቀቀም፣ ቀና አልልም፣ ቀና ካልኩ ፊቴን ያያል፣ ፊቴን ካየ ያውቃል፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ውሸቴን ከፊቴ ላይ ነው የሚለቅመው። አላውቅም ልጄ። ታውቂያለሽ። አላውቅም አልኩህ አንተ ይኸነው። እማ አትዋሺኝ፣ የዚያን ቤት አልጋ የገዛችሁት እናንተ ናችሁ፣ ሚስቴን የት ደበቃችኋት።

ገዝተናል። ስምንት አልጋ፣ ከነፍራሹ፣ ከነብርድ ልብሱ፣ እውነቱን ነው፣ ግን እኔ እኮ እምቢ ብዬ ነበር፣ ብነግረው ያምነኛል፣ አያምነኝም፣ እኔም ራሴን አላምነውም አሁን። ሃያ ሦስት ሴቶች ነን፣ ወሩ ሊያልቅ ሲል እሑድ እሑድ ዋሲላ ጨርቅ ቤት ጓዳ እንገናኛለን፣ እቁብ አይደለም፣ ዕጣ የሚወጣላት የለችም፣ ዕድርም አይደለም፣ ድንኳን የለንም፣ የቻልነውን እናዋጣና በዓመት ሁለት ጊዜ እጅ አውጥተን እዚሁ እንጅባራ ለሚሠራ አንድ ማኅበር እንሰጣለን፣ አምና ጧሪ ላጡት ሽማግሌዎች፣ ካቻምና ወላጅ ለሌላቸው ልጆች፣ ደስ የሚል ነገር ነው፣ ሰው መርቆን ነው የምንመለስ። ዘንድሮ ዋሲላ ጨርቁን ወደዚያ ገፋ አደረገችና ባል ደብድቦ ላባረራቸው ሴቶች መጠለያ የከፈቱ ልጆች አሉ አለች፣ ቤት አላቸው፣ አልጋ የላቸውም። ሃያ ሁለት እጅ ወጣ። የእኔ ጉልበቴ ላይ ቀረ። ምነው እትዬ ማናለብሽ አሉኝ፣ ትዳር ማፍረሻ ነው አልኩ፣ ድምፄ ከፍ ብሎ፣ ሴት በተመታች ቁጥር አልጋ የምናነጥፍላት ከሆነ ማን ቤቱ ይቀራል፣ እኛስ አልተመታንም፣ እኛስ አልቻልነውም። ዋሲላ ቀና ብላ አየችኝ፣ እስላሟም ክርስቲያኗም፣ ባለሱቋም ገበሬዋም፣ ሁሉም አዩኝ። የዚያን ቀን የልጄ ሚስት የሀይማኖት ዐይን ጠቁሮ ሁለት ሳምንት ሆኖት ነበር፣ ከማንም በፊት ያየሁት እኔ ነበርኩ፣ አይቼ ሽሮ ሰጥቼ ነው የሸኘኋት።

ዷ። ጋኑ። የጠላ ጋኑን በእግሩ መታው፣ አተላው እስከ ቁርጭምጭሚቴ ደረሰ፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ቀጥሎ እንስራው፣ ቀጥሎ መደርደሪያው፣ ብርጭቆ ሁሉ፣ ስበር፣ ስበር አባቴ፣ ዕቃ ነው፣ ስበርና ውጣልኝ። አይወጣም። ቤቱን ሲሰብር ትከሻውን ሰብቆ ነው፣ አንገቱን ወደ ቀኝ ጣል አድርጎ ነው፣ የአባቱ ነው፣ ቁርጥ የባሌ የደረሰ ነው። ደረሰ ይህን የፊት ጥርሴን ያወለቀው እዚሁ ወለል ላይ ነው፣ አንተ አምስት ዓመትህ ነበር፣ አልጋ ስር ሆነህ ታይ ነበር፣ በማግስቱ በትንሿ መዳፍህ አፌን ዳበስከኝና ሳድግ እገድለዋለሁ አልከኝ። አደግህ። አልገደልከውም፣ በሕመሙ ሞተ፣ አንተ እሱን ሆንክ።

ስልክሽን አምጪ። የለኝም፣ ቻርጅ ላይ፣ ዋሲላ ዘንድ፣ ምን እላለሁ፣ መሶቡ ላይ አገኘው፣ ይነካካዋል፣ ዋሲላ፣ ዋሲላ፣ ዋሲላ፣ ዛሬ ሦስቴ ደውላልሻለች፣ እሷ ናት አይደል፣ የሰው ሚስት የምታስኮበልለው እሷ ናት፣ ሱቋን አነደዋለሁ፣ ከነጨርቋ አነዳታለሁ፣ በእናቴ አፈር ይላል፣ እናቱ ፊቱ ቆሜ፣ በቁሜ አፈር አለበሰኝ። ልስቅ ነው። 

ሐሙስ ዕለት ሀይማኖት ሮጣ መጣች። ሐሙስ፣ የዛሬ ወር ገደማ፣ ዝናብ ነበር፣ ባዶ እግሯን፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ካለው ቤታቸው እስከዚህ፣ እዚህ፣ አሁን እሱ የቆመበት ላይ ተንበርክካ በአዊኛ ነገረችኝ፣ የአዲስ ቅዳም ገጠር ልጅ ናት፣ ስትደነግጥ አማርኛው ይጠፋታል፣ ሊገድለኝ ነው እናቴ፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋዬ፣ እኔም ባደግሁበት፣ ከተማ ከገባሁ ወዲህ አላውቀውም ባልኩት፣ አንዷም ቃል አላመለጠችኝም፣ በአማርኛ መለስኩላት። ተነሽ፣ ሰው ይሰማል። እጇን ያዝኩ፣ ጃንጥላ ዘረጋሁላት፣ ጥሩ አማት ነኝ እንዳትበሰብስ፣ ወሰድኳትና ለእሱ ሰጠኋት፣ እንካ ሚስትህን፣ ተስማሙ። ስወጣ ከኋላዬ ሰማሁ። እንደ እንጨት ነው፣ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር እንደሚለው፣ ከዚያ ጩኸት፣ ከዚያ ጩኸት ያልሆነ ነገር፣ አልዞርኩም፣ ዝናቡ ነው አልኩ፣ መንጋጋዋ ነበር።

አልጋዎቹን ልናይ መጠለያው በሄድን ጊዜ ሦስተኛው ላይ እሷ ነበረች። አረንጓዴውን ብርድ ልብስ ለብሳ፣ ገበያ ላይ በእጄ ዳብሼ የመረጥኩትን፣ ከተሸነፍኩ አይቀር ጥሩውን ይግዙ ብዬ። መንጋጋዋ እንዲጠግን አፏ በሽቦ ታስሯል። ስታየኝ ተነሣች። ብድግ አለች፣ ለእኔ፣ ለአክብሮት፣ ግድግዳውን ይዛ እየተንገዳገደች። ያን ጊዜ ሞቻለሁ እኔ፣ የቀረውን ነው አሁን የሚያስፈራራው።

ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቅሽ። ልጄ ሂድ። ላነጋግራት ብቻ ነው። ሂድልኝ። ነጠላዬን ይዞ ጠመዘዘው፣ አንገቴ ላይ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ አየር የለም፣ ፊቱ ቅርብ ነው፣ ካቲካላ ይሸታል፣ ዐይኑ ቀይ፣ ላብ፣ እነዚህን ሽፋሽፍት አውቃቸዋለሁ፣ ሳጠባው በትኩሳት ሲነድ በምላሴ ያራስኳቸው ናቸው፣ ንገሪኝ፣ ንገሪኝ፣ ቤቱ ምላሴ ላይ ነው፣ ታፔላ የሌለው ቤት፣ ለማንም ላንናገር ሃያ ሦስታችንም የተማማልንበት፣ ሦስት ቃል ነው፣ ሦስት ቃል ልበልና ልተንፍስ፣ መጥረቢያው እያበራ፣ ሦስት ቃል ካልኩ ይሄ መጥረቢያ አረንጓዴው ብርድ ልብስ ላይ፣ ጣሪያው ጠቆረ፣ ጆሮዬ ውስጥ ወፍጮ ይጮኻል፣

ዘነዘናው ራሱ ተነሣ። አይደለም፣ ውሸት፣ እኔ ነኝ ያነሣሁት። መጥረቢያውን የያዘው የእጁ አንጓ ላይ፣ ቀጭ፣ መጥረቢያው ወለሉ ላይ ጮኸ፣ ነጠላው ለቀቀኝ፣ አየር፣ አየሩ ያቃጥላል፣ እማ እጄን፣ ሁለተኛውን ጉልበቱ ላይ፣ ወደቀ፣ ይህን ትልቅ ሰውነት ነው እኔ የወለድኩት፣ አተላው ውስጥ በጎኑ ወደቀ፣ ይበቃ ነበር። ይበቃ ነበር። ሦስተኛውን ትከሻው ላይ መታሁት፣ መሬት ወድቆ፣ እጅ እያወጣ፣ እማዬ እያለኝ፣ አራተኛውን፣ ለጥርሴ፣ ለዚያ ሁሉ ሌሊት፣ ደረሰ እያልኩ፣ አፌን ሞልቼ ደረሰ አንተ ውሻ እያልኩ፣ አጥንት ሲሰበር በዘነዘናው አልፎ ክንዴ ድረስ ይሰማል፣ ጣፈጠኝ፣ ማርያምን ጣፈጠኝ፣ ሠላሳ ዓመት የጠማኝ ይሄ ነበር፣ አምስተኛውን ወደ ራሱ አነሣሁ።

አላወረድኩትም። ምን እንደያዘኝ አላውቅም። ያን ያህል ጨዋ ስለሆንኩ አይደለም። ጭንቅላቱን በደህናው እጁ ሸፍኖ እግሮቹን ወደ ሆዱ ሰበሰበ፣ እንደ ጽንስ፣ ክንዴ እላይ ቀረ፣ እዚያው አየር ላይ፣ ዘነዘናው ከበደኝ።

ጎረቤት በሩን ይደበድባል፣ ምንድን ነው እትዬ፣ ምን ሆናችሁ፣ ከእጁ ወድቆ የነበረውን ስልኬን ከአተላው አወጣሁ፣ ይሠራል፣ ዋሲላ፣ አቤት እህቴ አለችኝ፣ ባጃጅ ይዘሽ ነይ፣ ልጄን ገድየዋለሁ መሰለኝ፣ አልሞተም፣ ነይ። ወላሂ እየመጣሁ ነው አለች፣ ሌላ አልጠየቀችም፣ አነደዋለሁ ባለው እጅ ስር ገብታ ደግፋ ያወጣችው እሷ ናት፣ በጉም ውስጥ፣ ቀይዋ ባጃጅ ኋላ፣ እሱ መሐል፣ እኛ ግራና ቀኝ፣ ጎማው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ያቃስታል፣ እኔም ከእሱ ጋር አቃስታለሁ፣ ሰውነቴ እስካሁን አልገባውም የመታሁት እኔ መሆኔ።

ሐኪም ቤት። ወንበሩ ይቀዘቅዛል። ነርሷ ሸሚዙን በመቀስ ቀድዳ አወለቀችው፣ እጁ አብጧል፣ ጉልበቱ የራሱ አይመስልም፣ ፖሊስ ጠርተዋል፣ ወጣት ነው፣ ባርኔጣውን ብብቱ ስር ይዞ። ምን ሆነህ ነው ይለዋል። ይኸነው ጣሪያውን ያያል። ወድቄ ነው አለ። ወድቄ ነው። አምላኬ፣ ይህን ቃል የሴት ብቻ ይመስለኝ ነበር፣ ስንቶቻችን በዚሁ ኮሪደር ወድቀን ነው ብለናል፣ ዛሬ የልጄ አፍ ውስጥ ገባ፣ አሳፍሮት ይሁን አሳዝኜው አላውቅም፣ እናቱን ሊያድን ይሁን ራሱን፣ ወደ እኔ አያይም። ፖሊሱ ደብተሩን ሊዘጋ ነው።

አልወደቀም እላለሁ። ቆሜያለሁ፣ መቼ ተነሣሁ። እኔ ነኝ የመታሁት፣ በዘነዘና፣ አራት ጊዜ፣ ሁለቱ ታንቄ እንዳልሞት ነበር፣ ሁለቱ አይደለም። እማ ተይ ይላል ይኸነው፣ አሁን አየኝ፣ እማ ዝም በይ፣ ፖሊሱ እማማ ይቀመጡ፣ የእናትና የልጅ ነገር ነው፣ በሽማግሌም ያልቃል ይለኛል፣ ደግ ልጅ ነው፣ ፊቱ ያሳዝናል። አያልቅም የኔ ልጅ፣ ሲጀመር መጻፍ ነበረበት፣ መጀመሪያ ሚስቱን ነው፣ እሷን ጻፍ፣ የት እንዳለች አልነግርህም፣ ምን እንዳደረጋት ግን ቆሜ እመሰክራለሁ፣ ጎትቼ የወሰድኳት እኔ እንደሆንኩም ትጽፋለህ፣ ሳትዘል። ዋሲላ ክርኔን ይዛለች፣ አትጎትተኝም፣ ይዛኝ ብቻ ነው። ይኸነው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ ሄጄ ብይዘው፣ አልሄድም፣ አሁን አልሄድም።

ስም። ማናለብሽ። ሥራ። ጌሾ ነጋዴ። ከተጎጂው ጋር ያለዎት ዝምድና። የትኛው ተጎጂ እለዋለሁ። እስክሪብቶው ይቆማል። ስንት ናቸው ይላል። ሁለት ናቸው፣ ሁለቱም ልጆቼ ናቸው በል፣ አንደኛውን እኔ ወልጄዋለሁ፣ ሁለተኛዋ እናቴ ብላኝ ነበር፣ አሁንም ትለኝ እንደሆን አላውቅም፣ እሱን ከእሷ ነው የምትጠይቁ፣ እኔ ልመልስላት አልችልም፣ ጻፍ።