የዘፋኝ ቦታ

ሠረቀብርሃን የሌለበት ካሴት ባዶ ካሴት ብቻ ነው ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ይህን የሚለው ግን ራሱ ሠረቀብርሃን ነው። ኪቦርድ፣ ቤዝ፣ ክራርና ዋሽንት ይጫወታል፤ ድራም መቺው የቀረ ቀንም ድራሙ ላይ ይቀመጣል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ዘፈን ሲያቀናብር ኖሯል። ስሙ የሚገኘው ከሽፋኑ ጀርባ፣ ምስጋናው መጨረሻ ላይ ነው፤ እሱም ካልተዘነጋ።

ዘንድሮ፣ ስልሳ ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ ቆረጠ። ዘፋኝ የሌለበት፣ በመሣሪያ ብቻ የተሠራ፣ የራሱ ስምና ፎቶ ያለበት አልበም ሊያወጣ። እንጦጦ ማርያም አጠገብ ባለች ቤቱ ስድስት ወር ክፍሉን ዘግቶ ስምንት ዜማ ሠራና መገናኛ ወዳለው ስቱዲዮ ይዞ ወረደ።

የድምፅ ባለሙያው ነአምን የመጀመሪያውን ከፈተ። መግቢያው ልብ ይሰርቃል። ከዚያ ግን ዜማው ድንገት አፈገፈገና ቤዝና ኮርድ ብቻ ቀሩ።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ ማነው የሚገባው?»

«ማንም። መሣሪያ ብቻ ነው አልኩህ እኮ።»

«ታዲያ ማንን ነው የሚጠብቁት?»

ሁለተኛው ተከፈተ፤ ያው ነው። ሦስተኛውም ያው። ስምንቱም መግቢያቸውን አሳምረው ሲያበቁ፣ ለማይመጣ ዘፋኝ በክብር ቦታ ይለቃሉ። ዘፋኝ አፉን ሲከፍት እጁን መሰብሰብ የለመደ ሰው፣ በገዛ ዜማው መሐል ዝም ማለቱን እንኳ ልብ አላለውም ነበር። ሠረቀብርሃን ክፉኛ አፈረ።

ቤቱ ተመልሶ ክፍተቱን ሊሞላ ሁለት ሳምንት ታገለ። የሚጨምረው ሁሉ ጌጥ ብቻ ይሆንበታል። ሚስቱ ሒሩት እንኳ፣ ሙዚቃ ሲሰለቻት ዝም የምትለው ሴት፣ «ይሄ ነገር መቼ ነው የሚጀምረው?» አለችው። በዚህ ተስፋ ቆረጠና ዘፋኟ ጋዲሴ ጋ ደወለ። የጋዲሴን ዘፈኖች ከመጀመሪያው አንሥቶ ያቀናበረላት እሱ ነው።

«ግጥም አስጽፊና ግቢበት» አላት። «አልበሙም ያንቺ ይሁን። እኔ አልሆነልኝም።»



ጋዲሴ በቀጠሮዋ ስቱዲዮ መጥታ ማይኩ ፊት ቆመች። ሠረቀብርሃን መግቢያውን በኪቦርድ ተጫወተና እንደ ልማዱ አገጯን አየ፤ ልትገባ ስትል ቀና ታደርገዋለች። ቀና አደረገችው፤ ድምፅ ግን የለም። አንድ ዙር ጠበቃት። አሁንም የለም። ግጥሙ ጠፍቶባታል ብሎ በሽቀ፤ የዘፋኝን ስሕተት መሸፈን ግን ሥራው ነውና ቀኝ እጁ ሳያስበው ተነሥቶ እሷ ልትለው የሚገባትን ማለት ጀመረ። አሁን ትገባለች፣ አሁን ትገባለች እያለ፣ እየተናደደ ወጣ፣ ወረደ፣ ለመነ፣ ተቆጣ። እንደዚያ እያለ ዜማው አለቀ።

«ምን ነካሽ?» አላት። «ስንቴ ነው የምጠብቅሽ?»

ጋዲሴ ፈገግ ብላ የጆሮ ማዳመጫውን አወለቀች። «አንተ እየዘፈንክ እንዴት ልግባ?»

ነአምን የቀዳውን መልሶ አሰማቸው። ሠረቀብርሃን እስከ መጨረሻው ሰማ። ለአፍታ የማን ሥራ እንደሆነ ሊጠይቅ ምንም አልቀረውም ነበር፤ ከዚያ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገና ወደ ኪቦርዱ ዞረ።

ጋዲሴ ቦርሳዋን ልታነሣ ጎንበስ ስትል አያት።

«የት ነው?» አላት። «እዚያው ቁሚ እንጂ። ሰባት ዜማ ይቀረናል።»