የሰው ሙሾ

ዳባት መምህር ሳለሁ ከጎንደር አንድ መጽሐፍ ገዛሁ፤ ከዳር እስከ ዳር በግጥም የተጻፈ አዲስ ልብ ወለድ። «ሦስት መቶ ገጽ ግጥም ማን ይችለዋል» ብዬ አላግጬበት ነበር። በሳምንቱ ግማሹን በቃሌ ይዤ ስሄድም ስበላም አነበንበው ጀመር። ፍቅሩም፣ ጠቡም፣ የገበያው ወሬ ሳይቀር ቤት ይመታል። ዋናው ሰው፣ ቢራራ፣ ሲሞት እንደ ዘመድ አለቀስኩለት።

በዚያው ሰሞን አብሮ አደጌ ገሠሠ በሚሊሺያነት ተመልምሎ በሄደበት ጦር ሜዳ ሞተ። ሬሳው ስላልመጣ ልብሱና ፎቶግራፉ ወጥቶ ተለቀሰ። በእኛ ዘንድ አብሮ አደግ ተነሥቶ ለሟቹ ከራሱ ሙሾ ያወጣል፤ ለሌላ ሟች የተባለውን ማምጣት ነውር ነው። ሰው ሁሉ የተማርኩትን እኔን ያያል። እኔ ደግሞ ከራሴ ምንም አጣሁ። ስሙን ብቻ ለውጬ በመጽሐፉ ለቢራራ የተባለውን አወረድኩት፤

እርፉ ባዶ ቀረ፣ በሬው ቆሞ ዋለ፤
ገሠሠን መሳይ ሰው በየት አገር አለ።

ለቅሶው ቀለጠ። እናቱ እትዬ ደብሪቱ ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ ወዲያ ልጃቸውን ባነሡ ቁጥር ያችኑ ይሏታል። ሰው ሲያመሰግነኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም።

ክረምት ላይ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እትዬ ደብሪቱ እኔ ክፍል ገቡ። ተማሪዎቹ ሲሰለቻቸው ልብ ወለዱን አነብላቸዋለሁ፤ እነሱም እንደኔ ወደዱት። የሙሾዋን ገጽ ግን እዘላታለሁ።

አንድ ቀን የቀበሌ ስብሰባ አቆይቶኝ ስገባ መጽሐፉ እትዬ ደብሪቱ ጭን ላይ ተገልጧል። በጣታቸው ፊደሉን እየተከተሉ ጮክ ብለው ያነባሉ።

«እር… ፉ… ባ… ዶ…»

ሁለተኛው ስንኝ ላይ «ቢ… ራ… ራን…» ብለው ቆሙ። ያለ ሰው እርዳታ ያነበቡት የመጀመሪያ ገጽ ይኸው ነበር።

«ቢራራ ማነው?» አሉኝ።

«የለም እትዬ፤ ደራሲው የፈጠረው ሰው ነው።»

«ያልተወለደ?»

«ያልተወለደ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ገሠሠን ተልጅነቱ ጀምረህ ታውቀው የለም? ታንተ የወጣ አንድ ቃል አጣህለት?»

ያን ጊዜም አንድ ቃል አልመጣልኝም።

በሙት ዓመቱ ሌላው ሰው ሲያለቅስ እትዬ ደብሪቱ ያችን ሙሾ አንዴም ሳይሏት ዝም ብለው ዋሉ።