የአንደኛው ሲሊንደር ትንፋሽ

የሒሳብ መምህሩ የመኪናውን ሞተር የፈታው «ለሁለት ቀን» ብሎ ነበር። ይኸው ዓመት ከሁለት ወር ሆነው። ዘይት ታንጠባጥባለች ተብላ የተከፈተችው መኪና ግቢ ውስጥ አፏን ከፍታ ስትቀር፣ ሆድ ዕቃዋ ቀስ በቀስ ወደ ቤት ገባ። መጀመሪያ አንድ ካርቶን፣ ቀጥሎ ሦስት፣ በኋላ ትንሿ ክፍል ጢም አለች። ፒስተኖቹ በሻይ ትሪ ላይ ተደርድረው፣ ካምሻፍቱ በሚስቱ ፎጣ ተጠቅልሎ እንደ አራስ ልጅ ጋደም ብሎ ነበር።

ሚስቱ አዋላጅ ነርስ ናት። ሌሊቱን የሰው ልጅ ስትቀበል አድራ ጠዋት የምትተኛው መንገድ ዳር ባለው መኝታ ቤት ነው። ገና ዓይኗን ስትከድን የመኪና ጥሩምባ ይነፋል፣ በር ይንኳኳል፣ የሰው ልጅ ሁሉ እሷ መስኮት ሥር ቆሞ ካላወራ አይሆንለትም። ትንሿ ክፍል ግን በጓሮ በኩል ናት፤ ጭጭ ያለች። ከዚህ ዓለም የምትመኘው ያቺን ብቻ ነው፤ አንድ አልጋ፣ ወፍራም መጋረጃ፣ የሚዘጋ በር። እንቅልፍ ያጣ ሰው ትዕግሥት የለውምና አንድ ቀን ቁርጡን ነገረችው።

«ወሩ በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ስድስት ሰዓት ላይ መኪናህ ካልተነሳች፣ አሮጌ ብረት ነጋዴው እሷንም ክፍሉን የሞላውን ዕቃ ሁሉ ይወስዳል።»

መምህሩ በፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ ጽፎ ፈረመላት። ብዙ ጉድ አለበት እንጂ ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አይደለም።

ቅዳሜ ጠዋት ከሥራ ስትመለስ ሞተሩ ቦታው ገብቷል፤ ትርፍ ዕቃ ያጠራቀመባቸው ካርቶኖች ግን ትንሿን ክፍል እንደሞሉ ናቸው። መምህሩ እስከ ክርኑ ዘይት ተቀብቶ፣ መጽሐፉን ጡብ ላይ ዘርግቶ ይጠብቃታል።

«የኔ እመቤት፣ አምስት ደቂቃ ብቻ እጅሽን አውሺኝ።»

«ያንተ አምስት ደቂቃ ስንት ወር ነው?» አለችው፤ ቦርሳዋን ግን አስቀመጠች።

ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን የክራንኩንና ቫልቮቹን የሚከፍተውን የካምሻፍቱን ባለጥርስ ክቦች፣ መጽሐፉ እንደሚለው፣ በላያቸው የተመታውን ነጥብ ከነጥብ አፋጥጦ ገጥሟቸዋል። የቀረው ለየሲሊንደሩ እሳት የሚያድለውን ዲስትሪቢውተር መትከል ነው። አንደኛው ፒስተን ጫፍ ሲደርስ የዲስትሪቢውተሩ ጣት ወደ አንደኛው ሽቦ መጠቆም አለበት። እሷ እሳት የሚረጨው ካንዴላ በተነቀለበት ቀዳዳ የገባውን ቀጭን እንጨት ይዛ፣ ፒስተኑ ወደ ላይ ሲገፋው «ደረሰ» ትላለች፤ እሱ ከፊት ሆኖ ሞተሩን በመፍቻ ያዞራል።

«ደረሰ» አለች በመጀመሪያው ዙር። ያን ጊዜ በእንጨቱ ዙሪያ አየር እፍ ብሎ ጣቷን ገፋው። በሁለተኛው ዙርም እንጨቱ እኩል ወጣ፤ ትንፋሽ ግን የለም። ሙያዋ ነውና የሚተነፍሰውን ከማይተነፍሰው ትለያለች።

«ስማኝማ፣ ይኼኛው እኮ...»

«ጥያቄ በመጨረሻ!» አለ መምህሩ ቀና እንኳ ሳይል። ሃያ ዓመት ሙሉ ክፍል ውስጥ የሚላት ነገር ናት። «ሁለት ዙር ዞረ፤ ወደ ነጥቦቹ ተመልሰናል። የሚተከለው እዚሁ ነው።»

ትንፋሽ በሌለው ዙር ላይ ተከለው። እሷም ዝም አለች፤ ዝም አይነቅዝም።

አራት ሰዓት ላይ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ አቃሰተና ቤንዚንና አየር በሚቀላቅለው ካርቡራተር በኩል አስነጠሰ። በሁለተኛው ሙከራ የጭስ ማውጫው ማርሚታ እንደ ጥይት ጮኸ፤ አጥር ላይ የነበረችው ድመት እስካሁን አልተመለሰችም። በሦስተኛው ነበልባል ወጥቶ የመምህሩን ግራ ቅንድብ ላሰው። ባትሪውን አየ፣ ቤንዚኑን አየ፣ ሽቦዎቹን ቆጠረ። አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ጡቡ ላይ ቁጭ አለ።

«ነጥቦቹን አሳስቼ ይሆናል» አለ። «የሞተሩን ፊት ሙሉ ልፈታው ነው። እሱ ደግሞ የአንድ ቀን ሥራ ነው።»

ሚስቱ በር ላይ ቆማ የውሃ ብርጭቆ ይዛለች። ማንም እንዳትናገር አልከለከላትም ማለት አይቻልም፤ ተከልክላለች፣ ያውም ጮክ ተብሎ። ግማሽ ሰዓት ሆድ ይፍጀው ብትል መኪናዋ ከነካርቶኖቿ ሄዳ ክፍሏን ታገኛለች። በሐሳቧ መጋረጃውን ሰቅላ ጨርሳለች፤ ጥቁር ሰማያዊ ነው።

ብረት ነጋዴው ከቀጠሮው ቀድሞ መጣ። መኪናዋን ዞሮ አያት፤ በጥፍሩ ኳ ኳ አደረጋት። መምህሩ አልተከራከረም፣ አልለመነም። መፍቻዎቹን አንድ በአንድ እየወለወለ ወደየቦታቸው ሲመልስ ቆየና ቁልፏን ዘረጋለት።

«መኪናዋ ደህና ናት፤ ያልቻልኩት እኔ ነኝ። አደራ፣ አታንገላታት።»

አንጀቷን በላው። ወዲያው ደግሞ ተናደደች፤ ምን አለ ትንሽ እንኳ ቢያጭበረብር!

«ጥያቄ አለኝ» አለች።

«አሁን?»

«በመጨረሻ አላልክም? አንደኛው ዙር ሲተነፍስ ሁለተኛው ትንፋሽ አልነበረውም። አንተ እሳቱን የሰጠኸው ለማይተነፍሰው ነው። ሬሳ ላይ እሳት ብትለኩስ ይነሳል?»

መምህሩ በዘይታም ጣቱ አየር ላይ ይጽፍ ጀመር። ክራንኩ ሁለት ሲዞር ካምሻፍቱ አንድ። ፒስተኑ በየዙሩ ጫፍ ይደርሳል፤ አንዴ አየሩን አምቆ፣ አንዴ ጭሱን አባርሮ። እሳት የሚፈልገው አየሩን ሲያምቅ ነው። ነጥቦቹ የሚፋጠጡት ደግሞ ጭሱን ሲያባርር!

«ዜሮ!» ብሎ ጮኸ። ለራሱ ነው የሰጠው።

አንዲት ብሎን አላላ፣ ዲስትሪቢውተሩን ነቀለ፣ ወደ ሽቦው የሚጠቁመውን ጣት ግማሽ ክብ አዙሮ መልሶ ከተተው። ቁልፉን ከብረት ነጋዴው እጅ ነጠቀው ማለት ይቻላል። ሞተሩ ለአፍታ አቅማማና ተነሳ፤ ያለ ሳል፣ ያለ ማስነጠስ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሦስት ደቂቃ ቀርቶታል። መምህሩ እያለቀሰ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመና ሚስቱን አያት።

«ከጠዋት ጀምሮ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር። ክፍሉን ፈልጌው ነው።»

«ታዲያ ለምን ነገርሽኝ?»

«ዝም ብል እዚያ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ አይወስደኝማ።»

ብረት ነጋዴው ጉሮሮውን ጠራረገ። «እኔ በሰው ትዳር አልገባም፤ የሚጫን ብረት አለ ወይስ የለም?»

መምህሩ ሞተሩን አጠፋ። ወደ ቤት ገብቶ ከትንሿ ክፍል ካርቶኖቹን እያወጣ ለነጋዴው ያቀብል ጀመር፤ «ለክፉ ቀን» ብሎ ያጠራቀማቸውን አሮጌ ቫልቮችና ዝገታም ቧንቧዎች ሳይቀር። ክፍሏ ባዶ ስትሆን ወለሉን ወለወለ፣ ፍራሽ አነጠፈ፣ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀለ። እሷ ጫማዋን ማውለቋን እንኳ አታስታውስም።

ስትነቃ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። ወደ ግቢ ወጣች። መምህሩ ታጥቦ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ መኪናው ውስጥ ተቀምጧል። ጎማዎቹ ከጠዋቱ ቦታቸው ንቅንቅ አላሉም።

«ምነው፣ ሳትነዳት ዋልክ?» አለችው።

«ተኝተሽ ነበራ» አላት።