ያልተመታችው ቅጣት ምት

ኪቲዮኔ የፊጂን የራግቢ ብሔራዊ ቡድን በአምበልነት መርቶ ዋንጫ ያመጣ ጊዜ መንደሩ አሳማ አርዶ፣ እሱን በትከሻ ተሸክሞ ነበር ያስገባው። ዘንድሮ ግን ነገር ተበላሸ። በግማሽ ፍጻሜው በሁለት ነጥብ እየተመሩ፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል፣ ልክ ከምሰሶዎቹ ፊት ለፊት ቅጣት ምት አገኙ። መቺው ራሱ ነው፤ ብትገባ ሦስት ነጥብ ናት። እሱ ግን መምታቱን ትቶ "ኳሷን ይዘን እንሩጥ!" አለ። ሮጡ፤ ኳሷ ከእጃቸው ሾለከች፤ ተሸነፉ። ለጋዜጠኞቹም "ፊጂያዊ መሮጥ እንጂ ነጥብ መልቀም አያውቅም" ብሎ ደረቱን ነፋ።

መንደር ሲገባ ማንም አልቀለደበትም፤ ያስደነገጠውም ይኸው ነው። አፉ የማያርፈው የአክስቱ ልጅ ኤሞሲ እንኳ "እንኳን ደህና መጣህ" ብሎ ዓይኑን ሰበር አደረገ። እዚያ አገር የአክስት ልጅ ካላሾፈብህ፣ ወይ ታመሃል ወይ ሊቀብሩህ ነው።

ስለዚህ በአገሩ ወግ ይቅርታ የሚጠየቅበትን የአባቱን የዓሣ ነባሪ ጥርስ ይዞ ወደ መንደሩ አለቃ ወደ ዋይሳኬ ቤት ሄደ። ሰዉ ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ ያንጎና የሚባለውን የሥር መጠጥ ይጠጣል። ኪቲዮኔ ተንበርክኮ ጥርሱን በሁለት እጁ ዘረጋ።

"አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ። አምበልነቱንም ትቻለሁ።"

አለቃው ጥርሱን ከተቀበሉ ነገሩ ተቀበረ፤ ከዚያ ወዲያ የሚያነሳው የለም። እጃቸውን ሲዘረጉ ኤሞሲ ከጥግ ጮኸ።

"ኧረ አባባ፣ እንዳይነኩት!"

"ምነው?"

"ከተቀበረማ እኔ በምን ላሹፍበት? ከተሸነፈ ጀምሮ ቀልድ ሳጠራቅም ነው የከረምኩት! ትንሽ ይረፍ ብዬ እንጂ!"

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ሽማግሌው እጃቸውን ሰበሰቡ።

"ባለቤቱ አንተ ነህ፣ ልጄ። ይቀበር ወይስ ይሾፍብህ?"

ኪቲዮኔ አመነታ። ቢቀበር የሚጠይቀው የለም፤ ለጋዜጠኞቹ የነገራቸው ውሸትም አብሮ ይቀበርለታል። ግን ያ ሁሉ ዝምታ ከሽንፈቱ የባሰ አስጨንቆት ነበር። ጥርሱን ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

"ይሾፍብኝ።"

ኤሞሲ ጊዜ አላጠፋም። "እሺ ጀግናው! ምሰሶው ቆሞ፣ ኳሷ ቆማ፣ ምን ሆነህ ነው የሮጥከው? ሽንትህ መጥቶ ነው?"

"ፈርቼ ነው" አለ ኪቲዮኔ።

ሳቁ ቆመ።

"ብስታትስ ብዬ ፈራሁ። ሌላው ሁሉ ወሬ ነው።"

ዋይሳኬ ጽዋውን ራሳቸው ሞልተው ሰጡት።

"እኔም ልትመታት ነው ብዬ ፈርቼ ቴሌቪዥኑን ትቼ ወጥቻለሁ" አሉ። "መሸነፋችንን የሰማሁት ከውጭ ሆኜ ነው። ጠጣ በል። በሚቀጥለው ጨዋታ ግን ምታት፤ እኔም ቁጭ ብዬ አያለሁ።"