የጎዳባይ ሁለተኛ ውሸት

ያልተመረጠ ሰው የምክር ቤት አባል ሥራው ሕግ ማውጣት ይመስለዋል። ሥራችን ለቅሶ መድረስ ነው። ለቅሶ ከሌለ ሰርግ፣ ሰርግ ከሌለ ደግሞ የአንዱን ልጅ ሆስፒታል ማስተኛት፣ የሌላውን ወንድም ከፖሊስ ጣቢያ ማስፈታት። ለዚህ ሥራ ካሺናት ሳልጋሬን የሚያህል አላየሁም። በኛ በሂንዱዎች ወግ ሬሳ ይቃጠላል፤ በምርጫ ክልሉ ካሺናት ሳይደርስ የተቃጠለ ሬሳ የለም ይባላል። በግንቦት ሐሩር ከመንደር መንደር ሲሮጥ፣ በማያውቀው ሙሽራ ራስ ላይ ሩዝ ሲበትን፣ በማያውቀው ሟች እግር ሥር ሲያጎነብስ ጸጉሩ ነጣ። ሕፃኑም ሽማግሌውም «ዳዳ» ነው የሚለው፤ የሁሉም ታላቅ ወንድም ነው። ይህን ሁሉ ወንድም ተሸክሞ ጉልበቱ አለቀ።

እኔ ፕራባካር ኔርሌካር የጎረቤቱ ምርጫ ክልል ተመራጭ ነኝ። ከካሺናት ጋር በአንድ ፓርቲ ሆነን አብረን ፎክረናል፣ በተቃራኒ ፓርቲ ሆነን ተሰዳድበናል። ሁለቱም እኩል ያደክማል።

ባለፈው ዓመት ዝናቡ ሊገባ ሲል የግዛታችን መንግሥት ተንገዳገደ። ከወገናችን ጥቂቶች ኮበለሉና ዋና ሚኒስትራችን በምክር ቤቱ ፊት የመተማመኛ ድምፅ እንዲጠይቅ ታዘዘ። እንዲህ ሲሆን የሚደረገው የታወቀ ነው። የቀረነውን ተቃዋሚ እንዳይገዛን ብለው በአውቶቡስ ጫኑን፣ ስልካችንን ለቀሙን፣ ጎረቤት ግዛት ሐይቅ ዳር ያለ ሪዞርት ውስጥ ከተቱን። የገበያ ዶሮ እግሩ እንደሚታሰረው መሆኑ ነው። ጠዋት ዮጋ ያሠሩናል፣ ቀን ካርታ እንጫወታለን፣ የዋና ገንዳውን ከሩቅ እናየዋለን። ዋና የሚችል የለም፤ የሚችልም ቢኖር ሆዱን ለማሳየት ያፍራል። ምግቡ ዓይነቱ ብዙ ነበር፤ የማሽላ ቂጣ በዳጣ የሚሰጠን ሰው ግን ጠፋ።

ጠባቂያችን ቫሳንት ሎንዴ ነበር። በፓርቲያችን አባል ከመስመር እንዳይወጣ የሚቆጣጠረው እሱ ነው። ድምፁ ለስላሳ፣ አንደበቱ ትሑት፤ ሰውን «እርስዎ» እያለ ነው የሚቆልፍበት። ከቤተሰብ የሚመጣ ጥሪ ሁሉ በሱ ስልክ ያልፋል።

ድምፅ ከሚሰጥበት ቀን ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ ምሳ በልተን ጋደም እንዳልን ሎንዴ እኔና ካሺናት ወዳለንበት ክፍል ገባ። የካሺናት እህት ሱሺላ ደውላ ነበር። እናታቸው እማማ ጎዳባይ ታመዋል፣ ሐኪሙም ወደ ቤት ውሰዷቸው ብሏል። አሮጊቷ የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጄ ይምጣና ውሃውን ይስጠኝ።

ካሺናት ተነስቶ ጫማውን መፈለግ ጀመረ። ሌላ ወንድ ልጅ የላቸውም። በወጋችን ሊሞቱ ሲሉ የመጨረሻዋን ውሃ አፋቸው ላይ የሚያንጠባጥብላቸው እሱ ነው። ውሃውንም ራሱ ከቅዱሱ የጋንጋ ወንዝ በትንሽ የመዳብ ማሰሮ አምጥቶላቸው፣ ከአማልክቱ ሥዕል ሥር አስቀምጠውት ነበር።

ሎንዴ ግን ከበሩ አልተነሳም።

«ዳዳ፣ እባብ ያየ በልጥ በረየ» አለ። «አንዴ በእናትዎ ሕመም መንግሥት ወድቆብናል።»

ነገሩን ለማያውቅ ልንገር። ከዓመታት በፊት እንዲሁ ሆቴል ተዘግቶብን ሳለ ካሺናት እናቴ ልትሞት ነው ብሎ አለቀሰ። እንባው እውነተኛ እንባ ነበር፣ በዓይኔ አይቻለሁ። አንጀታችንን በላውና ለቀቅነው። በማግስቱ ከተቃዋሚው መሪ ጎን ቆሞ በቴሌቪዥን አየነው። መንግሥታችን ወደቀ፣ እሱ የመስኖ ሚኒስትር ሆነ። ለመንደሬ የመስኖ ቦይ ስል ነው አለ። እውነቱን ይሁን አይሁን እሱ ራሱ የሚያውቅ አይመስለኝም። መንደሩ ድርቅ የማይለየው ነው፤ ሴቶቹ የውሃ ቦቴ ሲጠብቁ ነው የሚውሉት። ቦዩ ተቆፈረ፣ በሲሚንቶ ተለሰነ፣ የካሺናት ስም የተቀረጸበት እብነ በረድ ቆመ። ውሃው ግን አልመጣም። መንግሥቱ ከውሃው ቀድሞ ወደቀ፣ ቦዩም የፍየል መዋያ ሆነ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው። ካሺናት ትንሽ ቆይቶ ይቅርታ ጠየቀን፤ ድምፅ ስለሚያመጣ ተቀበልነው። ከፓርቲ ፓርቲ በመዝለሉ የወጣለት «እንቁራሪቱ» የሚለው ስም ግን ተለጥፎበት ቀረ።

ያኔ ጋዜጠኞች የታመመችውን እናት እናያለን ብለው መንደሩ ድረስ ሄደው ነበር። እማማ ጎዳባይ ጓሮ ለሚያልቧት ጎሻቸው ድርቆሽ ሲሰጡ የመኪናውን ድምፅ ሰሙ። ምን ማድረግ እንዳለባቸው የነገራቸው ሰው አልነበረም። ልጃቸው «እናቴ ልትሞት ነው» ማለቱን ብቻ በሬዲዮ ሰምተዋል። ሮጠው አልጋ ውስጥ ገቡ፣ በዚያ ሙቀት ብርድ ልብስ እስከ አገጫቸው ሳቡ፣ ሲያቃስቱም ዋሉ። ጋዜጠኞቹ ሲሄዱ ተነስተው ጎሿን አለቡ። ካሺናት ይህን በፊት በፊት እየሳቀ ነበር የሚያወራው። ኋላ መሳቁን ተወ፣ ከዚያ ማውራቱንም ተወ። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ። የሱ ግን እያደር ከበደ።

ስለዚህ ሎንዴን ሊቆጣው አልቻለም። ለመነው እንጂ። ሱሺላ ውሸት አታውቅም አለው። እኔም አብሬ ለመንኩ፤ እኔ ለራሴ ዋስ የሌለኝ ሰው ለሱ ዋስ ልሆን ተነሳሁ። ሎንዴ አዳመጠን። ከዚያ በመንደሩ አቅራቢያ ያለ የፓርቲ ሰው ሄዶ አሮጊቷን ይያቸው አለ። ታመው ከተገኙ መኪናውንም ሹፌሩንም ራሱ እንደሚያቀርብ በልጆቹ ማለ።

ካሺናት ደስ አለው። ይሂድ፣ ይይ፣ በዓይኑ ይይ አለ። ገላውን ታጠበ፣ ነጭ ልብሱን ለበሰ፣ ጫማውን አጥልቆ ሻንጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ ቤት ለቅሶ ሊደርስ ነው። ከሁሉ የገረመኝ ተስፋው ነው። እናቱ ታመው እንዲገኙ ነበር ተስፋ የሚያደርገው።

ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ሎንዴ ስልኩን ከፊቱ ዘርግቶ ገባ። የተላከው ሰው ከመንደሩ በምስል እየደወለ ነበር። ተጠጋግተን አየን። እማማ ጎዳባይ ደጃፋቸው ካለው የኒም ዛፍ ሥር አልጋ ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ጸጉራቸው ተበጥሯል። የበዓል ሳሪያቸውን ለብሰዋል። የሻይ ብርጭቆ በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

«እማዬ» አለ ካሺናት።

«ደህና ነኝ ልጄ» አሉ። ድምፃቸው ቀጭን ነበር፤ ግን የስልክ ድምፅ መቼስ ሁልጊዜም ቀጭን ነው። «ሱሺላን አታውቃትም እንዴ? ሳስል ሬሳ ሊወጣ ነው ትላለች።»

«እማዬ፣ እስቲ አንዴ ተነሺና ቁሚልኝ።»

«ምን ልሁን ብዬ ነው የምቆመው? ወታደር ነኝ?» አሉና ሳቁ። «ይልቅ ሥራህን ጨርስ። ይህ ልጅ እንደ ድሮው ሚኒስትር ያደርጉሃል ይለኛል። ውሃውን ይዘህ ና።»

ምስሉ ተቋረጠ። ሎንዴ ስልኩን ኪሱ ከተተና ቀስ ብሎ ተነፈሰ። በእውነት እፎይ ያለ ይመስለኛል። ክፉ ሰው አይደለም፣ የደከመው ሰው ነው።

«እየዋሸች ነው» አለ ካሺናት። «እናቴ እየዋሸች ነው። ሻይ ጠጥታ አታውቅም። እጇ እንዳይንቀጠቀጥ ነው ብርጭቆውን የያዘችው።»

ሎንዴ አልቀለደም። «ያኔ ታማለች ሲሉ እርስዎ ዋሹ። አሁን እሳቸው ደህና ነኝ ሲሉ ዋሹ ይሉኛል። ዳዳ፣ እኔ ታዲያ ማንን ልመን?» አለ። ይህን ብሎ ወጣ።

ካሺናት ወደ ግቢው በር ሄደ። ተከተልኩት። ከአጥሩ ውጭ ጋዜጠኞች ካሜራቸውን ደግነው ሰፍረዋል። ሲያዩት ተንጫጩ፤ ዳዳ፣ ልትኮበልል ነው ወይ አሉት። አፉን ከፈተ። እናቴ ብሎ ሊጀምር እንደነበር ከንፈሩን አይቼ አውቃለሁ። አንዱ ቀደመውና «ወይስ እናትህ ዛሬም ታመመች?» አለው፤ ሌሎቹ በሳቅ ፈነዱ። ካሺናት አፉን ገጠመ። ተመልሶ ክፍላችን ገባ፣ ጫማውን አወለቀ፣ ከአልጋው ሥር ጎን ለጎን አድርጎ አስቀመጠው። ከዚያ በኋላ ማንንም አልለመነም። እንሩጥ እንዳልል በኛ ዕድሜ፣ በኛ ጉልበት ያን አጥር መዝለል እንኳን ለኛ ለአጥሩም ያሳፍራል።

በድምፁ ቀን በአውቶቡስ ወደ ዋና ከተማችን ወሰዱን። በምክር ቤቱ ደንብ በየረድፋችን እየተነሳን እንቆማለን፣ ጸሐፊው ይቆጥረናል። የኛ ረድፍ ሲደርስ ካሺናት የወንበሩን ክንድ ይዞ ተነሳ፣ ተቆጠረ፣ ተቀመጠ። መንግሥታችን ተረፈ። ከተቃዋሚ ወገን ጥቂቶቹ ሳይታሰብ ከኛ ጋር ስለቆሙ ድምፁ ከሚያስፈልገው በላይ ሆነ። የካሺናት ድምፅ ባይኖርም ያው ነበር። የኔም። ያን ሁሉ ቀን ውሃ ስንወቅጥ ነው የከረምነው።

ሎንዴ ካሺናትን በምክር ቤቱ ደረጃ ላይ ጠበቀው። መጀመሪያ ስልኩን መለሰለት፣ ቀጥሎ እጁን ያዘው። እናትዎ ትናንት አርፈዋል አለው። ሱሺላ ደውላ ነበር፤ እሱ ግን ይህም እንደፊተኛው ነው ብሎ ዝም አለ። በኋላ ሰው ልኮ አረጋግጧል፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ለድምፁ የቀረው ጥቂት ነበር። ይቅርታ ጠየቀ፤ ዓይኑ ቀልቷል። ከዚያ ዋና ሚኒስትሩ ስለ መስኖው ሹመት እርስዎን እያሰበ ነው አለው። ካሺናት የሰማው አልመሰለኝም። መኪናዬ ውስጥ ከተትኩትና ወደ መንደሩ ነዳሁ። በመንገድ ላይ ስልኩ ሳያቋርጥ ይጮህ ነበር።

ስንደርስ ደጁ በሰው ተሞልቶ ነበር። ግማሹ ለለቅሶ የመጣ ነው። ግማሹ ግን ሹመቱን በወሬ ሰምቶ የመጣ ነው፤ የአበባ ጉንጉን የያዘ አንድ ሰው ሲያየን ወደ ጀርባው ደበቀው። በዚያ ሙቀት ሬሳ አይቆይም፣ አመዱ ራሱ ቀዝቅዟል። እሳቱን የለኮሰችው ሱሺላ ነበረች። በወጉ የሴት ሥራ አይደለም፤ የሚከለክላት ግን አልተገኘም። የዚያን ሁሉ ሰው ሬሳ የሸኘው ዳዳ ለእናቱ የደረሰው አመድ ላይ ነው።

ሱሺላ ዛፉ ሥር ባዶው አልጋ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር። ካሺናት ከጎኗ ተቀመጠ። የመዳቡ ማሰሮ ባዶውን መሬት ላይ ነበር። ውሃውን የሰጠኋት እኔ ነኝ አለችው፤ አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። የሆነውን ነገረችው። የፓርቲው ሰው እየመጣ መሆኑን እናታቸው ሲሰሙ አልብሺኝ፣ አበጥሪኝ፣ ወደ ደጅ አውጪኝ አሏት። ሱሺላ አይሆንም ብላ ተከራከረች። እናትየው ግን ልጄን ሊመረምሩት ነው የመጡት፣ የኔ ሕመም እንቅፋት ይሆንበታል አሉ። ያኔ ጋዜጠኞቹ ሕመሙን ሊያዩ መጥተው ሳያምኗቸው ቢቀሩ ልጃቸው ይዋረድ ነበር። አሁን ደግሞ ታመው ቢያገኟቸው ልጃቸው ሥራውን ጥሎ ይመጣል፣ ሹመት ቢታሰብለትም ይቀርበታል፣ የቦዩ ውሃም ይቀራል። እሳቸው የገባቸው እንዲህ ነው። ሁለት ጎረቤቶች ደግፈው አወጧቸው። ከአልጋው ጀርባ፣ ስልኩ በማያሳየው በኩል፣ ሱሺላ ተንበርክካ በትከሻዋ ጀርባቸውን ደግፋ ይዛ ነበር።

«ሰውየው እንደሄደ ልቀቂኝ አለችኝ» አለች ሱሺላ። «ለቀቅኳት፣ ወደቀች። ያቺን የሻይ ብርጭቆ ከእጇ ማስለቀቅ አቃተን።»

ካሺናት ከዚያ በኋላ የተናገረችው ነገር ነበር ወይ ብሎ ጠየቃት።

«አንድ ነገር ብቻ። እንደ ፊተኛው ጊዜ አመኑኝ ወይ አለችኝ።»

«ምን አልሻት?»

ሱሺላ ማሰሮውን አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችው።

«ከፊተኛውም በለጥሽ አልኳት» አለች።