ሁለተኛው ገምጋሚ

ስንቅነሽ ምስጢር መያዝ አይሆንላትም፤ ይህን እሷም አትክድም። ልጇ ሜላት ግን ጽሑፏን ለአንድ የሕግ መጽሔት በላከች ቀን፣ በተሰደዱበት ከተማ አርካዊት በሚባል ሰፈር በተከራዩዋት አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጣ አስማለቻት።

«ስሜ ተፍቆ ለሁለት ገምጋሚዎች ነው የሚላከው፣ እማ። እነሱ እኔን አያውቁኝም፣ እኔም እነሱን አላውቅም። ካወቁ ኻላስ፣ አለቀ! ጽሑፉ ከእጃቸው ይወጣና ሌላ ሰው ይፈለጋል፣ እንደገና ከዜሮ። በተለይ ለዶክቶራ እንዳትነግሪያት፣ ወላሂ!»

ዶክቶራ የሚሏት ፋሪሃን ነው፤ ስንቅነሽ እዚያው ከተማ ሪያድ በሚባል ሰፈር ዐሥራ አንድ ዓመት ቤቷን የያዘችላት የሕግ መምህር። ስንቅነሽ አልተዋጠላትም። ወልደሽ፣ ሰው ቤት ሠርተሽ አስተምረሽ፣ ስሟ ይፋቅ? ቢሆንም ማለች። ሜላት ዶክቶራ ከምታስተምርበት በተለየ ዩኒቨርሲቲ ረዳት መምህር ሆና የምትጸናው ጽሑፉ ከወጣላት ብቻ ነበር፤ ካልወጣ በዓመቱ መጨረሻ ትሰናበታለች። ጽሑፉ ያለ ውል ስለሚሠሩ የቤት ሠራተኞች ነው።

ከሦስት ወር በኋላ አንድ ጠዋት ዶክቶራ ሳሎን ውስጥ ወረቀት ዘርግታ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ጠራቻት።

«ስንቅ፣ ተዓሊ፣ ነይማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ዘጠኝ ዓመት ያገለገለች ሠራተኛ፣ አሠሪዋ ሲሞቱ ወራሾቹ ውል የለሽም ብለው አንድ ከረጢት ቴምር አሸክመው አባረሯት ቢሉሽ ታምኛለሽ? ለእኔ ጸሐፊው ያጋነነ ይመስለኛል። ጽሑፉን ልጥለው ነው።»

ስንቅነሽ መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። ያ ቴምር የእሷ ነው። ዐማራት በሚባለው ሰፈር ከነበሩት ከቀድሞ አሠሪዎቿ ቤት ሜላትን አስከትላ የወጣች ቀን የተሸከመችው፣ ከልጇ በቀር ለማንም ያልነገረችው። እኔ ነኝ ብትል ጸሐፊዋ ልትታወቅ ነው፤ ዝም ብትል ልጇ ውሸታም ልትባል ነው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመልጥ አይታወቅም ይባላል። እሷ ግን ያን ጠዋት አፏን ያዘች።

«ይሆናል ዶክቶራ» አለች ቀስ ብላ። «ሲሆን አይተናል።»

«ታዲያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለምን የውል ወረቀት አልጠየቀችም?»

ይህን ሜላትም ጠይቃት ነበር፤ «እንጃ» ብላ ነው ያለፈቻት። ለልጅ የማይነገር ውርደት አለ። ለዶክቶራ ግን እንዴት እንደሆነ ሳታውቅ ወጣላት።

«ወረቀት ስጡኝ ማለት እኮ አላምናችሁም ማለት ነው። ልጅሽን በስሟ እየጠሩ፣ ስትታመሚ እየጠየቁሽ፣ በየት አፍሽ ትያለሽ? ሰው ያፍራል።»

ዶክቶራ እስክሪብቶዋን ከደነች። እሷም ብትሆን ለስንቅነሽ ወረቀት ሰጥታት አታውቅም።

ስንቅነሽ ሆድ ይፍጀው ብላ ቤቷ ገባች። አንድ ወር ሙሉ ትንፍሽ አላለችም፤ ያቺ ስንቅነሽ!

ከዚያ አንድ ቀን ሜላት ስልኳን ይዛ እየሮጠች ገባች። «ተቀበሉት እማ! ሁለተኛው ገምጋሚ ግን አንድ ነገር ጨምሪ ብሏል፣ ስሚ።» ከዐረብኛው ወደ አማርኛ እየመለሰች፣ ቃል ሲጠፋት እየቆመች አነበበችላት። «ሠራተኛዋ ወረቀት ያልጠየቀችው መብቷን ስላላወቀች አይደለም። መጠየቁ አላምናችሁም እንደ ማለት ሆኖባት፣ አፍራ ነው። ይህን ያስተማረችኝ አንዲት የማከብራት ሴት ናት። እኔም ራሴ ልሰጣት ሲገባኝ እስክትጠይቀኝ ጠብቄአለሁ።»

የማከብራት። በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ይህን ቃል ከዶክቶራ ቤት ሰምታ አታውቅም። ስንቅነሽ ጫማዋን የምትፈታ መስላ አጎነበሰች፤ ደስታው ግን ዕንባ ሆኖ ቀደማት።

«ምን ሆንሽ እማ? ልክ አይደለም እንዴ?»

«ልክ ነው። ጻፊው።»

«እሺ፣ ግን ማን አለው ብዬ ልጻፍ?»

ስንቅነሽ ዐይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ሳቀች።

«ስም አይነሳም ብለሽ አስምለሽኝ የለ?»