የሄደው ታናሹ ነው

«ፀጉሩን ስቆርጠው እንኳ ወንበሬ ላይ አይረጋም ነበር» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ የሻይ ብርጭቆውን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ። «ገና ግማሹን ሳልጨርስለት ብድግ ብሎ በሩ ላይ ይቆማል። መኪና ባለፈ ቁጥር አንገቱ አብሮ ይሄዳል። ያኔ ነው፣ ይሄ ልጅ እዚህ ሰፈር አይበረክትም ያልኩት።»

አግዳሚው ላይ የተደረደሩት ለቀስተኞች ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱ፣ የእግር ነገር አብሮ የሚወለድ ነው አለ። ሌላው፣ እድልን ያሳደዷት እንደሆነ እንደ ጥላ ትሸሻለች ብሎ በረጅሙ ተነፈሰ።

አናጢው በሩ አጠገብ ቆሞ ይሰማል። ለቅሶው ሁለተኛ ቀኑ ነው። የሞተው ታናሽ ወንድሙ ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ካገር አገር ሲዞር ኖሮ፣ አንዳቸውም አይተውት በማያውቁት ከተማ፣ በኪራይ ክፍል ውስጥ ሳንባው አልታዘዝ ብሎት ሞተ። የተቀበረውም እዚያው ነው፤ እዚህ የደረሰው ወሬው ብቻ ነው፣ እሱም በስልክ። ስለዚህ ቤቱ ውስጥ አስከሬን አልገባም፤ ኮመዲኖው ላይ አንድ ፎቶግራፍ ቆሟል። ለመታወቂያ የተነሳው ጉርድ ፎቶ ነው፤ ፎቶ ቤቱ ሲያሳድገው ደብዝዟል። የሞተው የአርባ ስድስት ዓመት ሰው ነው፤ ሰው ሁሉ የሚያለቅሰው ግን ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው።

ፀጉር አስተካካዩ የሚያወራው ልክ አልነበረም። እየዋሸ አይደለም፤ ዘመን አደባልቆበት ነው። ታናሹ እዚያ ወንበር ላይ ሲቀመጥ እንቅልፍ ነበር የሚወስደው። መቀሱ ጆሮው ስር ቀጭ ቀጭ ሲል አገጩ ደረቱ ላይ ይወድቃል፤ ፀጉር አስተካካዩ በሁለት ጣቱ ግንባሩን ደግፎ ይጨርስለታል። ብድግ እያለ በሩ ላይ የሚቆመው፣ መኪና ባለፈ ቁጥር አንገቱ የሚከተለው ሌላ ልጅ ነበር። አናጢው ራሱ ነበር።

«ንፋስ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ንፋስ ያልነው ለዚህ እኮ ነው።»

ንፋስ ያሉት ከሄደ በኋላ ነው። አናጢው ግን አላረመም። ሚስቱ ከፔርሙዝ ቡና ቀድታ ስትሰጠው ተቀበለና ሳይቀምሰው መስኮቱ ላይ አስቀመጠው።

አባታቸውም አናጢ ነበሩ። የሥራ ክፍሉ ከቤቱ ጀርባ ነው፤ ሁለቱም ልጆች እዚያ ሰጋቱራ ላይ እየተንከባለሉ አደጉ። ታላቅየው እጁ ጣውላ ላይ ቢሆንም አፉ መንገድ ላይ ነበር። ካሮጌ መጽሐፍ የተገነጠለ ካርታ ግድግዳው ላይ በኮላ ለጥፎ፣ እየላገ የወደቦቹን ስም ይቆጥራል። የት ሄዶ ምን እንደሚሠራ፣ ሲመለስ ለማን ምን እንደሚያመጣ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። «ሰው እንደ በር አንድ ቦታ ተቸንክሮ አይኖርም» ይል ነበር።

ታናሹ ከሚሞርደው ላይ ቀና ሳይል፣ «በርም እኮ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ምን ጎደለበት?» ይለዋል።

ታናሹ ዓይኑን ጨፍኖ እንጨት በሽታው ይለይ ነበር። ማጠፊያ የሚገባበትን ቦታ በመሮ ሲያወጣ፣ ዓይናቸው መድከም የጀመረው አባት በአውራ ጣታቸው ይዳብሱትና ዝም ይላሉ። በዚያ ክፍል ውስጥ ከዚህ የበለጠ ምስጋና አልነበረም።

ከዚያ አንድ የጭነት መኪና ተገኘ። ድንበር የሚሻገር፣ ሾፌሩ የሚያውቁት ሰው፣ ጋቢናው ውስጥ አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ። ማን እንደሚሄድ ማንም አልጠየቀም። እናትየው የታላቅየውን ሹራብ አጠበች። የሰፈር ሰውም አመጣለሁ ያላቸውን ስጦታዎች ያስታውሰው ጀመር።

መኪናው ሊነሳ አራት ቀን ሲቀረው ታላቅየው ወደ መኪና ማቆሚያው ሄደ። ሾፌሩ ግባ ብሎት ወደ ጋቢናው ወጣ፤ ወንበሩን በእጁ ዳበሰው። በመስተዋቱ በኩል መንገዱ ሲታየው ጉልበቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። በሁለት እጁ ቢይዘውም አልቆመም። ሲወርድ እግሩ መሬቱን ስቶ ሊወድቅ ነበር። ስንት ዓመት ያወራው ሁሉ ወሬ እንደነበር ያወቀው ያኔ ነው።

ይህን ለማን ይናገራል? ቤት ሲገባ ሌላ ነገር ተናገረ። ለእኔ ብቻ ለምን ይሁን፣ እሱም ወጣት ነው፣ እድል ትፍረደን አለ። አባትየው ለወንድሙ ያሰበ ልጅ ብለው መረቁት። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ፣ አባትና እናት ቆመው እያዩ፣ ታላቅየው ጀርባውን አዙሮ ሁለት ክብሪት ሰበረ። አጭሩን የሳበ ይሄዳል ተባለ። ታናሹ እጁን በሱሪው ጠርጎ ሳበ፤ አጭር ነበረች። ክብሪቷን አየ። ከዚያ ቀና ብሎ የወንድሙን ፊት አየ፤ ቆይቶ አየው።

«እድሌ ነው» አለ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ታናሹ የሥራ ክፍሉን ጠረገ፣ መላጊያውን ምስማሩ ላይ ሰቀለ። ሹራቡ ለሱ ሰፊ ነበር። ታላቅየው የቀረችውን ክብሪት ኪሱ ውስጥ እንደጨበጠ ዋለ፤ እሷም አጭር ነበረች።

ታናሹ በዓመት ሁለት ሦስቴ ይደውል ነበር። መጀመሪያ መርከብ አውራጅ ነኝ አለ፤ ቀጥሎ ሳህን አጣቢ፣ ዘበኛ፣ በኋላ የሲሚንቶ መጋዘን ውስጥ ተሸካሚ። ሁልጊዜ ከሌላ ከተማ ነው። «እድሌ እኮ አንድ ጣቢያ ቀድማኝ ነው የምትሄደው» ብሎ ይስቅ ነበር፤ «ስደርስ ትናንት ወጣች ይሉኛል።» አባትየው ዓይናቸው ጠፍቶ ሲሞቱ ሊመጣ አልቻለም። ከዚያ በኋላ እናትየው ስልክ መቀበል ተወች። ደህና ነች በሉት ትላለች እንጂ ከተቀመጠችበት አትነሳም። የወለድኩት እግሩን ነው፣ ልጁን አይደለም ትል ነበር። አናጢው ይህን በሰማ ቁጥር መጋዙን ያነሳል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አንድ የማያውቁት ቀጭን ሰው መጣ። ልብሱ የመንገድ አቧራ ለብሷል። ከሟች ጋር አሥራ አንድ ዓመት ከከተማ ከተማ ክፍል ተጋርቼ ኖሬያለሁ፣ የቀበርኩትም እኔ ነኝ ሲል ለቀስተኛው ሁሉ ተነስቶ አስቀመጠው። ሁለት ቀን መኪና ላይ ነው የከረመው። ስንት ሰው ቀበረው ብለው ጠየቁት፤ ስድስት አለ። እናትየው ፍራሿ ላይ እንደተቀመጠች ታየዋለች፤ አንድም ጥያቄ አልጠየቀችውም።

ቡናውን ሲጨርስ ወደ አናጢው ጠጋ ብሎ፣ የሥራ ክፍሉን ቢያሳዩኝ ደስ ይለኛል አለው። ከጀርባ ገቡ። እንግዳው ግድግዳውን፣ የሥራ ጠረጴዛውን፣ ጥግ የቆሙትን ጣውላዎች አንድ ባንድ ሲያይ ቆየ፤ ልክ እንደነገረኝ ነው አለ። ከዚያ የሟችን ነገር ያወራ ጀመር። አዲስ ከተማ በገቡ ቁጥር መጀመሪያ የሚፈልገው አናጢ ቤት ነበር። መሣሪያም የሚያውቀውም ሰው ስለሌለው ማንም አይቀጥረውም፤ እሱ ግን በራፉ ላይ ቆሞ ያሸታል። በመጨረሻ የተከራዩት ክፍል ውስጥ የሁለቱንም አልጋ ከዕቃ ሳጥን የሠራው እሱ ነው። አንድ ምስማር አልነበረበትም።

«ታዲያ ለምን አልተመለሰም?» አለ አናጢው። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት።

እንግዳው የጣውላውን ጠርዝ ዳበሰ። «እንዳልነግርዎት አስምሎኝ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ግን ሁለት ቀን መንገድ ላይ ሳስበው፣ ይህን ተሸክሜ መመለስ አቃተኝ። ሁለቱም ክብሪት አጭር እንደነበረ ያውቅ ነበር።»

የአናጢው እጅ ሳያስበው ኪሱ ውስጥ ገባ።

«ፊቱን ሳየው አወቅኩ ነው ያለኝ። ወንድሜ ፈርቷል፤ ሁለተኛውን አሳየኝ ብዬ ብጠይቀው እናት አባቴ ፊት ይዋረዳል አለ። ታላቄ ነው፣ እንዴት አድርጌ አለ።» እንግዳው ጉሮሮውን ጠረገ። «ስንቴ ና እንመለስ ብዬዋለሁ። ባዶ እጄን ከገባሁ ወንድሜ ያንን ቀን ያስታውሳል ይለኛል። አንድ ነገር ይዤ ብገባ ግን እንኳን ሄድክ ይለኛል፣ ያኔ ሁለታችንም እናርፋለን። እድል እድል የሚለው ለራሱ አልነበረም። ለርስዎ ነው የሚፈልጋት የነበረው።»

ከዋናው ቤት የፀጉር አስተካካዩ ድምፅ ይሰማል፤ ለአዲስ ገቢዎች የወንበሩን ታሪክ እንደገና ጀምሯል። አናጢው የሚቀመጥበት ፈልጎ የጣውላ ቁልል ላይ ተቀመጠ። አሁን ቢያለቅስ ሰው ሁሉ የወንድም ለቅሶ ነው ይለዋል፤ ያም አስጠላው። ሃያ ሰባት ዓመት ሲደብቅ የኖረው ከአንድ ሰው ነበር፤ ያ ሰው ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሲያውቅ ኖሯል። ታዲያ በስልክ ሁለቱ ሲሳሳቁ ማን ማንን ሲያታልል ነበር? በነዚያ ዓመታት ሁሉ አንዴ እንኳ «ዝም ብለህ ና፣ ባዶ እጅህን ና» ቢለው ይመጣ ነበር። አላለውም። የሚለው «አይዞህ፣ እድልህ ሩቅ አይደለችም» ነበር።

እንግዳው ያን ዕለት ማደር አልፈለገም፤ ከምሳ በኋላ ወደ መጣበት ተመለሰ። አሥር ሰዓት አካባቢ ለቀስተኛው ቀለል አለ። ሚስትየው ብርጭቆ ልታጥብ ወደ ውጭ ወጣች። ቤቱ ውስጥ እናትና ልጅ ብቻ ቀሩ።

አናጢው ፍራሹ ፊት ቆመ። ሰባ አምስት ዓመቷ ነው፤ በሦስት ቀን ውስጥ ትከሻዋ ጠብቧል። ዛሬ ካልነገራት መቼም እንደማይነግራት ያውቃል። እስክትሞት ድረስ ልጄ ጥሎኝ ሄደ እንዳለች ትኖራለች።

«እማዬ» አለ፤ «እሱ መሄድ አልፈለገም ነበር።»

እናትየው ቀና አለች። ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ሲላላ አየ፤ ሃያ ሰባት ዓመት ጨብጣ የያዘችውን ነገር የለቀቀች መሰለው።

«እንዲህ ብሎ ነገረው? ለሰውየው?»

«አዎ። አንቺንም ይሄን ቤትም መተው አልፈለገም።»

«ልጄ» አለች፤ ቃሉን ከስንት ዘመን በኋላ ያገኘችው ይመስል ቀስ ብላ ደገመችው። «ልጄን።» ከዚያ ዓይኗን ጠረገችና፣ «ታዲያ ማን ላከው?» አለች።

አናጢው አፉን ከፈተ። እናትየው ፊቱን አየችው፤ ቆይታ አየችው። እጇ ከጉልበቷ ላይ ተነስቶ አየር ላይ ቆመ።

«ተወው» አለች። «አትንገረኝ።»

«እማዬ…»

«ሁለት ልጅ ነበረኝ። አንዱን ሳልቀብረው እያለቀስኩለት ነው። ሌላውን ዛሬ አታስቀብረኝ።»

ከውጭ ብርጭቆ ከብርጭቆ ሲጋጭ ይሰማል። እናትየው በሁለት እጇ ፍራሹን ተደግፋ ወደ ግድግዳው ፈቀቅ አለች፤ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ለቀቀችለት። ወደሱ ግን አላየችም።

አናጢው ቦታውን አየ። ጎንበስ አለ፤ መቀመጥ ግን አልሆነለትም። ፈቀቅ ስትል የተጨማደደውን አንሶላ በመዳፉ ሳበ፣ እጥፋቱን አንድ ባንድ አስተካከለ፤ ማንም እንዳልተቀመጠበት እስኪመስል ድረስ አለሰለሰው፤ ከዚያም እንደገና ከጠርዙ ጀመረ።